መቶ ሃምሳ አምፔር

አምባዬ አማቹን ይጠላው ነበር ማለት ልክ አይሆንም። ይንቀው ነበር። ለመጥላት ጉልበት ያስፈልጋል፤ ንቀት ግን ለአምባዬ ያለ ምንም ድካም የሚመጣ ነገር ነበር።

ሠላሳ አንድ ዓመት በስልክ ጣቢያዎች ባትሪ ክፍል ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ከነቀምቴ እስከ ደምቢ ዶሎ በየኮረብታው የተተከለውን ባትሪ ሁሉ እንደ ቤቱ ከብት ነጥሎ ያውቀው ነበር። የልጁ የሐሴት ባል መርጋ ደግሞ የሦስት ወር ሥልጠና ወስዶ ባጃጅ ተራው አጠገብ የሶላር ሱቅ የከፈተ ጎልማሳ ነው። ሰዉ «ኢንጂነር መርጋ» ይለዋል። አምባዬ ይህን በሰማ ቁጥር ፊቱን ያዞራል። ምሳ ላይ ለባለቤቱ ለእታገኝ፣ «ኢንጂነሩ አማችሽ ዛሬ ስንት አምፖል ሰቀለ?» ይላታል። እታገኝ ወጡን ታቀርብለታለች።

ከነገር ሁሉ ይልቅ የሚያንገበግበው የፊውዝ ነገር ነበር። በየከተማው ፊውዝ ሲቃጠልበት ተለቅ ያለውን ፈልጎ የሚሸጉጥ፣ ከጠፋም ሚስማር የሚያጋድም ሰው ሞልቷል። «ፊውዝ የሚሞተው ኬብሉ እንዳይሞት ነው» ይል ነበር አምባዬ። «በኬብሉ ልክ ያልተመረጠ ፊውዝ ዘበኛ አይደለም፤ ተኝቶ ደሞዝ የሚበላ ነው።» ይህን የማይገባውን ሰው ከሰው አይቆጥርም፤ መርጋ ደግሞ እንደማይገባው ሳይጠይቀው ደምድሞ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ሐሴት መጣች። መርጋ አንጋር ጉቲን ላይ ለአንዲት አዋላጅ ነርስ ክሊኒክ የዘረጋው የባትሪ መብራት ፊውዙን አራት ጊዜ አቃጥሏል። ፍሪጁ በቆመ ቁጥር የወላድ ደም የሚያቆመው መርፌ እየሞቀ ነው። መርጋ ሁለት ጊዜ ወርዶ አይቶ ምክንያቱን አላገኘም። አባቷ አብሮት ቢሄድ ብላ ለመነችው። ባሏ ልኳት እንደሆነ ጠየቃት፤ ልኮኛል አለች። አምባዬ ያን ዕለት ማታ መፍቻዎቹን አንድ በአንድ ወለወለ። እታገኝ ሠርግ የተጠራ ሰው መሰልክ አለችው፤ ቃሏ አልተሳሳተም።

በማግስቱ በጠዋት በሚኒባስ ወደ ቆላው ወረዱ። የአምባዬን የመፍቻ ሣጥን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ የተሸከመው መርጋ ነበር። መንገድ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ አፉን ከፈተ፤ ፊውዙ ሁልጊዜ የሚቃጠለው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ምናልባት የቆላው ሙቀት ይሆን እንዴ ብሎ አማቱን ጠየቀ። አምባዬ ፊውዝ የሚያውቀው አምፔር እንጂ ደጋና ቆላ አይደለም አለና ዓይኑን ጨፈነ።

ክሊኒኩ ሦስት ክፍል ያለው የቆርቆሮ ቤት ነው። የክሊኒኩ ባለቤት ሲስተር ዱረቲ በረንዳው ላይ ተቀበለቻቸው፤ «አካም ጂርቱ» ብላ በኦሮምኛ ደህንነታቸውን ጠይቃ የሁለቱንም እጅ ጨበጠች። አግዳሚው ላይ ሰባት ስምንት እናቶች ተራ ይጠብቃሉ፤ ገሚሶቹ ድሮ ከወሎ ከመጡት ሰፋሪዎች ወገን ስለሆኑ አማርኛው አያመልጣቸውም። የፊውዙ የብረት ሣጥን በረንዳው ላይ፣ በምዕራብ በኩል ባለው ግድግዳ ተሰቅሏል። አምባዬ ክዳኑን ከፈተ። በፊውዙ ቦታ የተሰበረ ማንኪያ እጀታ በብሎን ታስሮ ነበር።

አምባዬ ዞሮ መርጋን አየው። ከዚያ በኋላ የተናገረውን ሁሉ መድገም አይጠቅምም። ባትሪ ያለ ፊውዝ የተቀበረ ቦምብ መሆኑን ተናገረ። ሦስት ወር ተምሮ ኢንጂነር ሲባል የማያፍር ሰው ሥራ ብሎ ጠራው። ልጁን ለማን እንደ ሰጠ ዛሬ ገና ማየቱን ጨመረ። ድምፁን አልጨመረም፤ አምባዬ ሲንቅ አይጮኽም። እናቶቹ ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ። መርጋ የመፍቻ ሣጥኑን እንደ ተሸከመ ቆሞ ሰማ። አማቱ ነውና አንድ ቃል አልመለሰም።

የመለሰችው ዱረቲ ናት።

«ማንኪያውን ያሰርኩት እኔ ነኝ» አለች። «ሐሙስ ዕለት ፊውዙ ሲቃጠል ወላድ አልጋ ላይ ደም እየፈሰሳት ነበር። መርጋ ቢላ ከተማ ነበር፤ በስልክ አታድርጊ ብሎ ለመነኝ። መድኃኒቱን በበረዶ አድርጊና ጤና ጣቢያ አስቀምጪ አለኝ። ያልሰማሁት እኔ ነኝ።»

እዚህ ላይ ይቅርታ የሚባል ነገር ነበረ። አምባዬ ግን ያ ሰውዬ ታዲያ ለምን አፉን አልከፈተም ብሎ ወደ ፊውዙ ሣጥን ተመለሰ። ማንኪያውን ፈትቶ ወረወረውና እንደ ፈታኝ መምህር መርጋን መጠየቅ ጀመረ። ባትሪው ሃያ አራት ቮልት ነው። ኢንቨርተሩ፣ የባትሪውን ኃይል ለፍሪጁና ለመሣሪያ መቀቀያው የሚለውጠው፣ አንድ ሺህ አምስት መቶ ዋት። መርጋ ቀስ ብሎ መለሰ፤ ሲካፈል ስድሳ ሁለት አምፔር ተኩል፣ የሚባክነው ሲታሰብ ሰባ ግድም። በዚያ ላይ ሩቡ ሲጨመር ሰማንያ ስምንት ይሆናል፤ ገበያ ላይ ከዚያ ቀጥሎ ያለው መቶ ነው። ኬብሉ ባለ ሃያ አምስት ካሬ ሚሊሜትር ነው፤ መቶውን ይችላል። ፊውዙም ለቀጥታ ኤሌክትሪክ የተሠራ እንጂ የቤት ፊውዝ አይደለም።

ስህተት አልነበረበትም። አምባዬ በልቡ ደግሞ አሰላው፤ ያው ነው። ስለዚህ የመርጋ ፊውዝ የውሸት ዕቃ ነው ብሎ ፈረደ፤ ባለሙያ ሲገዛ ዓይን አለው፣ ነጋዴ ግን የተጻፈበትን ያነባል አለ። ከራሱ ሣጥን በጨርቅ የተጠቀለለ ባለ መቶ ፊውዝ አውጥቶ አሰረው። ፍሪጁ ተነሣ፤ መቀቀያው ሞቀ። አምባዬ እጁን ታጥቦ ምሳውን በላ፤ በምግቡም መካከል በዘመኑ ምን ዓይነት ፊውዝ ይመጣ እንደነበር ለዱረቲ አስረዳት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ምዕራቡን ግድግዳ ስትይዘው ፊውዙ ተቃጠለ።

አምባዬ ተነሥቶ ሣጥኑ ፊት ቆመ። እናቶቹ ያያሉ። ዱረቲ ታያለች። ከሁሉ በላይ ያ ሁለት ቃል የማይናገር ሰው ከኋላው ቆሟል። ያን ጊዜ ሠላሳ አንድ ዓመት ሲንቀው የኖረው ቃል ከገዛ አፉ ወጣ።

«መቶ ሃምሳ እናስገባለት።»

ከዚያ መርጋ ለአማቱ ብቻ እንዲሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ኬብሉ ባለ ሃያ አምስት ነው። መቶ ሃምሳ ከገባ መጀመሪያ የሚቀልጠው ፊውዙ አይደለም» አለ።

ለሱ ብቻ ቢልም ዱረቲ ሰምታለች። መርጋን ሳይሆን አምባዬን አየችና፣ «እንደ እርስዎ ያለ የተማረ ሰው እዚህ ብዙ ይመጣል» አለችው። «ሰድቦ ይሄዳል። ሥራውን የሚሠራው ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነው።» ይህን ብላ ተራ ጠባቂዋን ጠርታ ገባች።

መርጋ አስፈቅዶ ወደ ሣጥኑ ቀረበ። ፊውዙን አልነካም፤ እጁን ብረቱ ላይ አሳረፈና ቶሎ አነሣ። ሣጥኑ እንደ ምድጃ ግሏል። የኬብሉን ጫፍ የያዘውን ብሎን ሲሞክረው በጣት ዞረ፤ ስሩም ጠቁሮ ነበር። የላላው ብሎን ያሞቀዋል፣ ፀሐይዋ ትጨምርበታለች፣ መቶ የተባለው ፊውዝ በዚያ ግለት ሰባውን መሸከም ያቅተዋል። ሁለት ጊዜ ሲመጣ በጠዋት በብርዱ ስለነበር አላገኘውም፤ ብሎኑንም መፈተሽ ነበረብኝ አለ፣ ጥፋቱን ሳይደብቅ። ሣጥኑን ከበረንዳው ነቅሎ ወደ ጨለማው ክፍል፣ ከባትሪው አንድ ክንድ ወደማይርቅ ቦታ አዞረው። የኬብሉን ጫፎች ቆርጦ በአዲስ አሰራቸው። ያስገባውም እንደ ቀድሞው ባለ መቶ የሆነ አዲስ ፊውዝ ነው። አምባዬ የእጅ ባትሪ እያበራለት፣ ሲጠየቅ መፍቻ እያቀበለ፣ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ቆመ። ፊውዙ በዚያ ቀንም፣ ከዚያም ወዲህ አልተቃጠለም።

በመልስ ጉዞ መርጋ የመፍቻ ሣጥኑን እንደገና ተሸከመ፤ የአማቱን ትራንስፖርትም ከፈለ። ደጁ ድረስ አድርሶት በደህና ይደሩ ብሎ ሄደ። ከዚያ ግን ከባሏ ጋር ትመጣ የነበረችው ሐሴት ሦስት እሑድ ብቻዋን መጣች። መርጋ ሥራ አለበት ትላለች። እታገኝ ምን እንደተፈጠረ አንድ ጊዜ ጠየቀችው፤ አምባዬ ነገራት፤ የተናገረውን ሁሉ፣ መቶ ሃምሳውንም ሳይቀር። ሰምታ ጨረሰችና፣ በሰው ፊት የሰደብከውን ጓዳ ውስጥ አትክሰውም አለችው።

በአራተኛው ሳምንት ሰኞ አምባዬ ባጃጅ ተራው ወረደ። ሱቁ ውስጥ ሁለት ደንበኞች ነበሩ፤ አንደኛው የጉቶ ጊዳ ገበሬ ነው። መርጋ ወንበር ሳበለት። አምባዬ አልተቀመጠም። በሁለቱ ሰዎች ፊት፣ አንጋር ጉቲን ላይ የተሳሳተው እሱ እንደነበር፣ መርጋ ልክ እንደነበር፣ ያለ ጥፋቱም እንደ ሰደበው ተናገረ። መናገሩ ከመንገዱ ይልቅ አደከመው። ገበሬው አማርኛው ስላልጠራለት ጓደኛውን ጠየቀው፤ ጓደኛው በኦሮምኛ አንድ በአንድ ተረጎመለት። አምባዬ ትርጉሙ እስኪያልቅ መቆም ነበረበት።

መርጋ በእጁ የያዘውን ብሎን አጥብቆ ጨረሰ።

«በሰው ፊት ስለተናገሩ ተቀብያለሁ፣ ጋሼ» አለ። «እሑድ ከሐሴት ጋር እመጣለሁ። ሥራ ላይ ግን ከእርስዎ ጋር ሁለተኛ አልወጣም።»

አምባዬ «ደግ ነው» ብሎ ወጣ። ባጃጆቹ «አባባ፣ ግቡ» እያሉ ጠሩት፤ ዳገቱን በእግሩ ያዘው።