የወይዘሮ ናፊያ መኪና ኦክስጅን ፈለገች

ናፊያ ሞኝ ሰው አትወድም፤ በእሷ ግምት ደግሞ ሐረር ሞኝ አልቆባት አያውቅም። ጀጎል ውስጥ፣ ልብስ ሰፊዎቹ በተደረደሩበት፣ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ፣ ጨርቅ ትሸጣለች። ጨርቁን ከድሬዳዋ የምታመላልስባት አሮጌ አውቶሞቢል አለቻት። በዚያ ሰሞን መኪናዋ ቤንዚን እንደ ውሃ ትጠጣ፣ ጥቁር ጭስ ትተፋ ጀመር፤ ዳሽቦርዱ ላይም ቢጫ መብራት በራ። ከሁሉ የከፋው ግን ሽታው ነበር። አንዲት የሙሽራ እናት የመረጠችውን ሐር አንስታ አሸተተችና፣ «ይሄ ከፋብሪካ ነው ወይስ ከማደያ የመጣው?» ብላ ጥላው ሄደች።

ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ መኪናዋን ስታቆም፣ ጥላ ስር የተቀመጠው ሁሉ መካኒክ ሆነ። አንዱ ካንዴላ ነው አለ፤ ሌላው ቤንዚኑ ውሃ ገብቶበታል አለ። የወንድሟ ልጅ ሐምዲ ደግሞ ቢጫውን መብራት በጥቁር ፕላስተር ሸፍኖ፣ «በቃ፣ አሁን አያስጨንቅም» አላት።

«ሱብሃነላህ! አንተ ራስህን ሲያምህ የምታስረው ዓይንህን ነው?» አለችው።

በመጨረሻ ከግንቡ ውጭ አዲሱ ከተማ ውስጥ ወዳለው የኃይለመስቀል ጋራዥ ወሰደቻት። ኃይለመስቀል በቅርቡ የመኪና ብልሽት የሚያነብ ስካነር ገዝቷል፤ ከዚያ ወዲህ የሰው ወሬ መስማት ትቷል። ገመዱን ሰካ፣ ስክሪኑን አየና፣ «ኦክስጅን ሴንሰር» አለ።

«ምነው፣ መኪናዬ ሆስፒታል ገባች እንዴ ኦክስጅን የምትፈልገው?»

ኃይለመስቀል ሕፃን እንደሚያባብል ሰው ታገሠ። «ወይዘሮ ናፊያ፣ የጭስ ማውጫው ላይ ያለ አፍንጫ ነው ይበሉት። ጭሱን አሽትቶ፣ ቤንዚን በዛ ወይም አነሰ ብሎ ለኮምፒውተሩ ይነግራል። ሲበላሽ ይዋሻል፤ ኮምፒውተሩም አምኖት ቤንዚኑን ዝም ብሎ ያፈሰዋል።»

«ጠዋት ስትነሳ ግን ጠቅ ጠቅ ትላለች። ስትሞቅ ይጠፋል።»

«እሱ እርጅና ነው።»

የመኪናዋን ይበል የእሷን አልገባትም፤ ቂሙን ግን ያዘችለት።

አዲስ ሴንሰር ገባ፣ መብራቱም ጠፋ። ሳምንት ሳይሞላ ግን ተመልሶ በራ። ኃይለመስቀል ስካነሩን ሰካና፣ «እንግዲህ የኋለኛውም ሴንሰር ይቀየር» አለ።

«ቀጥሎ ደግሞ የወንበሩን አፍንጫ ቀይር ትለኛለህ!» ቁልፉን ወረወረችለት። «እዚሁ ትደር። ነገ ጠዋት እኔ ሳልመጣ እንዳትነካት።»

በማግስቱ ማልዳ መጣች። ሞተሩ በርዶ አድሯል። «ያንን ቴሌቪዥንህን አስቀምጥና አስነሳት» አለችው።

ቀኑን ሙሉ በስፌት መኪና ጩኸት መካከል የምትውል ሴት ናት፤ የላላ ቡሎን ያለበትን የስፌት መኪና መንገድ ላይ ቆማ በድምፁ ትለያለች። ሞተሩ ሲነሳ ጠቅታው ተሰማ። አንገቷን አስግጋ ቦታውን በጣቷ አሳየችው። ኃይለመስቀል የሳሙና ውሃ ቢያፈስበት፣ የጭስ ማውጫው ከሞተሩ በሚጋጠምበት፣ ከሴንሰሩ በፊት፣ አረፋ ተንተከተከ። በመካከሉ ያለው ማሸጊያ፣ ጋስኬቱ፣ ተበልቷል። ብረቱ ሲሞቅ ሰፍቶ ድምፁን ያፍነዋል እንጂ አየሩ መግባቱን አይተውም፤ አዲሱም ሴንሰር የውጭ አየር እያሸተተ «ቤንዚን አነሰ» ይል ነበር።

«ታዲያ አሮጌው ሴንሰሬ ጤነኛ ነበር ማለት ነዋ! አምጣ፣ መልስልኝ!»

ኃይለመስቀል ፊቱ ቀላ። ጋስኬቱን ቀየረ። ከዚያ አሮጌውን ሴንሰር ከውድቅዳቂው መካከል ፈልጎ መልሶ አሰረውና፣ ሞተሩ ሲሞቅ ስክሪኑን ወደ እሷ አዞረላት። መስመሩ ድርቅ ብሎ ተጋድሟል። አዲሱን ሲያስገባ ያው መስመር ወጣ ወረድ፣ ወጣ ወረድ እያለ ይጨፍር ጀመር። አሮጌው እውነትም ሞቶ ነበር።

ናፊያ የሚጨፍረውን መስመር በጣቷ ተከተለችው።

«እንግዲያ ሁለታችንም ግማሽ ግማሽ ሞኝ ነን በለኛ» አለች።

«እኔ እንዲህ ያለ ቃል አልወጣኝም።»

«ቢወጣህማ ወላሂ ታገኛት ነበር።»

መኪናዋን አስነስታ ልትወጣ ስትል ኃይለመስቀል መስኮቱ ላይ ደገፍ አለ። «ወይዘሮ ናፊያ፣ ያ ጥግ ላይ የቆመው ሚኒባስ ሲነሳ ሲጥ የሚል ነገር አለው። ስካነሩ ምንም አላለኝም። ቢያዳምጡልኝ?»

«እኔ ቅጥር ሠራተኛህ ነኝ?» አለችው። ሞተሯን ግን አጠፋች፤ ወርዳም ሻሿን ከጆሮዋ ላይ ገለጥ አድርጋ ወደ ሚኒባሱ ጎንበስ አለች።