ትሕትና በዳማው ላይ

ትሕትና ጎፋ ውስጥ በአንድ ፀጉር ቤት ሹሩባ ትሠራ ነበር። አንድ ማታ ከሥራ ወደ ቤቷ ወደ ጀሞ ስትመለስ የተሳፈረችበት ሚኒባስ ተገልብጦ አከርካሪዋ ተጎዳ። ከዚያ ወዲህ ከወገቧ በታች ያለው አካሏ አይታዘዛትም፤ ቢቆነጥጧትም አይሰማትም። ይህን ሐኪሞቹ ነግረዋት ነበር። ሌላው ነገር ሁሉ አብሮ እንደሚደነዝዝ ግን የነገራት አልነበረም።

እጮኛዋ ዮዳሄ አንድ እሑድ ከቸርች መልስ መጥቶ አልጋዋ አጠገብ ተቀመጠ። ሊያገባት እንደማይችል ሲነግራት አለቀሰ። እሷ አላለቀሰችም። “እሺ” አለችው። ተነሥቶ ሲወጣም፣ “በሩን ገፋ አድርገው፣ ንፋስ ይገባል” አለችው። እናቷ እትዬ ማሚቴ ይህን ከጓዳ ሲሰሙ ክው አሉ። ስታለቅስ ሊያባብሏት ተዘጋጅተው ነበር፤ እንዲህ ስትሆን ምን እንደሚያደርጉ አላወቁም።

እትዬ ማሚቴ በጸሎት የሚያምኑ ሴት ናቸው። በየሳምንቱ የቸርች እህቶች እየመጡ በልጃቸው ላይ እጅ ይጭናሉ። “በኢየሱስ ስም ተነሺ!” ሲሏት ትሕትና ዓይኗን ጨፍና አሜን ትላለች። ሲጨርሱ ሻይ ይጠጣሉ፤ እሷም ትጠጣለች።

ሥራዋን ግን አልተወችም። ዊልቸሯ ላይ ሆና፣ ደንበኞቿን ከፊቷ በርጩማ ላይ እያስቀመጠች እቤቷ ትሠራለች። ኦብሴ ከእነዚህ ደንበኞች አንዷ ናት። ቤተሰቧ ሀና ማርያም ማዶ ከጥንት የኖሩ ገበሬዎች ናቸው። አብዛኛው መሬታቸው ቤት ተሠርቶበታል፤ አባቷ ኦቦ ሂርጳ ግን በቀረችው ሜዳ ላይ እስከ ዛሬ ፈረስ ያረባሉ።

አንድ ቀን ኦብሴ ፀጉሯን እየተሠራች፣ “ትሕትዬ፣ ፈረስ ላይ ብትወጪስ?” አለቻት።

“እንዴት አድርጌ?”

“አባዬ ያስተምርሻል። አጎቴ እግሩ ከተቆረጠ በኋላ እስኪሞት ድረስ በፈረስ ነው የሄደው።”

“እሺ” አለች ትሕትና። ፈልጋ አይደለም። እምቢ ብትል ምክንያት መደርደር ሊኖርባት ነው።

እትዬ ማሚቴ ሲሰሙ፣ “የተረፈችልኝንም ልትገድሉብኝ ነው?” ብለው ተቆጡ። ቅዳሜ ሲደርስ ግን ባጃጁ ውስጥ ከልጃቸው ጎን ተቀምጠው ሄዱ።

ኦቦ ሂርጳ ረጅም ቀጭን ሽማግሌ ናቸው። ሰላምታ እንደሰጧት፣ “የሚሰማሽ እስከ የት ድረስ ነው?” ብለው ጠየቋት። በእጇ እምብርቷ ላይ አሳየቻቸው።

“ይበቃናል” አሉ። “በደረትሽና በእጅሽ እንሞክራለን።”

ከአጥሩ ሥር የዊልቸሯን ቁመት የሚያህል የድንጋይ ካብ ሠርተዋል። ዳማ ፈረሳቸውን ከካቡ አጠገብ አቆሙት። ኦብሴ ከኋላ በብብቷ፣ ኦቦ ሂርጳ በጉልበቷ ይዘው ትሕትናን ኮርቻው ላይ አወጧት።

“እግሯን እሰሩላት እንጂ! ልትወድቅ ነው!” አሉ እትዬ ማሚቴ።

“እግሯን ካሰርኩትማ ፈረሱ የወደቀ ዕለት ከሥሩ ትቀራለች። ከወደቀችም ተፈትታ ትውደቅ። እኛ እንይዛታለን” አሉ ኦቦ ሂርጳ።

ዳማው ተንቀሳቀሰ። ትሕትና ወደ ግራ ዘመመች፤ አቀኗት። ወደ ቀኝ ዘመመች፤ አቀኗት። ሜዳውን ዞረው ሲመለሱ ሦስቱም ፊቷን ያዩ ነበር።

“ደስ አለሽ?” አለች ኦብሴ።

“አዎ” አለች።

ውሸቷን ነው። ከፍታው አላስፈራትም፤ ነፋሱም አልጣማትም። ከሩቅ የጀሞ ኮንዶሚኒየሞች ይታያሉ፤ አየቻቸው። ሌላ ምንም አልነበረም። ቢሆንም በሚቀጥለው ቅዳሜ ነይ ሲሏት ሄደች፤ ከዚያም በኋላ።

ሌላው ሰው ፈረሱን በእግሩ ጎን ጎኑን ነካ አድርጎ ያዘዋል። ትሕትና ይህን ስለማትችል ኦቦ ሂርጳ ዳማውን በድምፅ እንዲታዘዝ አለማመዱት። እሷንም አስተማሯት። “ልጓሙን አትጎትቺው፤ አፉን ያመዋል። መጀመሪያ ወደምትሄጂበት እዪ። ትከሻሽ ይከተላል፣ እሱም ይገባዋል።” እንዳሏት አደረገች። ዳማው ዞረ። ኦብሴ አጨበጨበች። ትሕትና ለኦብሴ ብላ ፈገግ አለች።

አንድ ቅዳሜ ማታ እትዬ ማሚቴ ልጃቸውን ሲያጥቧት የውስጥ ልብሷ ላይ ደም አዩ። የኮርቻው እንጨት መቀመጫዋን ልጦት ኖሯል። አልተሰማትም ነበር። ጤና ጣቢያ ያየቻት ነርስ ቁስሉ እስኪደርቅ በሆዷ ብቻ እንድትተኛ አዘዘች።

እትዬ ማሚቴ ስልክ ደውለው፣ “ልጄን አቆሰሏት!” ብለው ጮኹ። ኦቦ ሂርጳ፣ “ጥፋቱ የኔ ነው” አሉ። “ኮርቻ የጎረበጠው ሰው ይናገራል ብዬ ነው። የማይናገር ገላ እንዳለ አላሰብኩም።”

በማግስቱ እርጎ አስይዘው ከኦብሴ ጋር መጡ። ትሕትና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ በሆዷ ተኝታለች።

“ይቅር በዪኝ፣ ልጄ።”

“ኧረ አላመመኝም፣ ጋሼ።”

“ክፋቱ እሱ ነው” አሉ ሽማግሌው።

ቁስሉ ለመዳን ጊዜ ወሰደ። ትሕትና አላማረረችም። ቀኑ ይመሻል፣ ይነጋል፤ እናቷ ቁስሉን ያጥቡላታል፤ ጎረቤት ቴሌቪዥን ይጮኻል። ፈረሱ ናፍቋት እንደሆነ ኦብሴ ስትጠይቃት አሰበችና፣ “እኔ እንጃ” አለቻት።

ሲድንላት ኦቦ ሂርጳ ሌላ ኮርቻ አዘጋጅተው ጠበቋት። እንጨቱን አውጥተው ወፍራም ስፖንጅ አድርገውበታል፤ ከላዩ ድርብ አጎዛ አለበት። እትዬ ማሚቴ ገና ከባጃጁ ሳይወርዱ፣ “መጀመሪያ እኔ እቀመጥበታለሁ!” አሉ። ኮርቻው ካቡ ላይ ተደረገላቸው። ነጠላቸውን ሰብስበው ተቀመጡበት፤ ወዲያና ወዲህ ተመቻቹ፤ ቆዩበት። ሰው ሁሉ ቆሞ ጠበቃቸው። በመጨረሻ፣ “ይሁን። ግን ቶሎ ቶሎ እየወረደች ገላዋን አያለሁ” አሉ።

ውሎ አድሮ ኦቦ ሂርጳ ጉልበቷን መያዛቸውን ተዉና ሜዳው መሐል ቆመው ያዝዟት ጀመር። ትሕትና ብቻዋን በአጥሩ ጥግ እየሄደች ሳለ ከአጥሩ ውጭ ባለው መንገድ ባዶ ሲኖትራክ መጣ። ጎድጓዳው ላይ ሲደርስ የኋላ መዝጊያው ጓ ብሎ ተመታ።

ዳማው ወደ ጎን ዘለለና በሽምጥ ፈረጠጠ።

ልጓሙ ከእጇ አመለጠ። ሰውነቷ ወደ ቀኝ ተወረወረ፤ መሬቱ ወደ ፊቷ ሲመጣ አየችው። እጇ ያገኘው ጋማውን ነው። በሁለት እጇ ጨብጣ ተንጠለጠለች። “እማዬ!” ብላ ጮኸች።

“ተጣበቂበት! ጥሪው! ስሙን ጥሪው!” አሉ ኦቦ ሂርጳ ካሉበት።

“ዳማ! ቀስ! ዳማ፣ ቀስ በል!”

ጆሮውን ወደ ኋላ አዞረ። ሩጫው ወደ ሶምሶማ፣ ሶምሶማው ወደ እርምጃ ወረደ። ሜዳው ጫፍ ላይ ቆመ።

ኦቦ ሂርጳ ሲደርሱ ጣቶቿ ከጋማው አልላቀቅ ብለዋል። አንድ በአንድ አላቀቋቸው።

“ፈራሽ?”

“የምሞት መሰለኝ” አለች። “ጋሼ፣ በጣም ፈራሁ። በጣም ነው የፈራሁት!” እንባዋ ዱብ ዱብ አለ፤ ከዚያም ድምፅ አውጥታ አለቀሰች።

እትዬ ማሚቴ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው እያለከለኩ ደረሱ። አውርዱልኝ ሊሉ ነበር የመጡት። ልጃቸው ስታለቅስ ቀና ብለው አዩና የተንጠለጠለ እግሯን አቅፈው አብረዋት አለቀሱ።

“ላውርድሽ?” አሉ ኦቦ ሂርጳ።

ትሕትና አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። “እስከ ካቡ እኔ እነዳዋለሁ። ግን አጠገቤ ሁኑ።”

ልጓሙን አቀበሏት። ሦስቱ ሰዎችና ዳማው ቀስ እያሉ ተመለሱ።

በሳምንቱ ቅዳሜ ከንጋት ጀምሮ ዘነበ። ኦቦ ሂርጳ ደውለው ሜዳው ስለጨቀየ ዳማውን ያዳልጠዋል፣ ዛሬ ይቅር አሉ። ትሕትና ስልኩን አልጋው ላይ ወረወረችውና ወደ መስኮቱ ዞረች።

“ምነው ልጄ?” አሉ እትዬ ማሚቴ።

“ሰኞ ቢዘንብ ምን ነበረበት!” አለች በንዴት። “ሳምንቱን ሙሉ ፀሐይ ሆኖ፣ ዛሬ!”

እትዬ ማሚቴ ዝናብ እኮ የጌታ ነው ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና ተዉት። በርጩማውን ስበው አጠገቧ ተቀመጡ፤ እሳቸውም ዝናቡን ያዩ ጀመር።

“እውነትሽን ነው” አሉ። “ምን ነበረበት።”