ከግድግዳው ወዲህ ያለው ማይል

...አንድ ሺህ አንድ መቶ ሃምሳ አራት ጫማ፣ ሦስተኛ ጊዜ ለካሁት፣ ሦስተኛ ጊዜም ያው፣ እየገፋሁ የምለካበት ጎማ አልተሳሳተም፣ እኔ ልሆን እችላለሁ፣ ወይም በሩ ላይ ያለው ሰሌዳ፣ የኮሪደሩ አራት ዙር አንድ ማይል ነው ይላል፣ ሞሉ፣ ይህ የገበያ ማዕከል፣ ከተከፈተ ጀምሮ እንደዚያ ይላል፣ ማይል አምስት ሺህ ሁለት መቶ ሰማንያ ጫማ ነው፣ ታዲያ አንዱ ዙር አንድ ሺህ ሦስት መቶ ሃያ መሆን ነበረበት፣ መቶ ስድሳ ስድስቱ ጫማ የት ገባ።

አራት ሰዓት ላይ የከተማው ፕላን ኮሚሽን እዚሁ ባዶው የጫማ ሱቅ ውስጥ ለስብሰባ ይቀመጣል፣ በእኛ በአርክቴክቶቹ ንድፍ ላይ ይወስናል፣ ፏፏቴው የነበረበት ክሊኒክ ይሆናል፣ ከላይ መኖሪያ ቤቶች፣ ኮሪደሩ ከነጣሪያው እንዳለ ይቆያል፣ የምሥራቁ ክንፍ ፈርሶ መኪና ማቆሚያ። የማፍረሻውን ቀይ መስመር የሳልኩት እኔ ነኝ። ሰሌዳውን አምኜ፣ ሳልለካ።

ቆይ፣ የምሥራቁ ክንፍ። ትልቁ መደብር ሲዘጋ የክንፉን አፍ በግድግዳ ደፈኑት፣ ድሮ ዙሩ እስከ መደብሩ በር ይገባ ነበር፣ በአሮጌው ፕላን ሰማንያ ሦስት ጫማ መሄጃ፣ ሰማንያ ሦስት መመለሻ፣ መቶ ስድሳ ስድስት። ሰሌዳው አልዋሸም።

ወይዘሮ ሁዳክ መጡ፣ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፣ ጠዋት ጠዋት ሱቆቹ ከመከፈታቸው በፊት እዚህ በእግር መዞር ከጀመሩ ሠላሳ ዓመት ሆናቸው፣ አሁን የሚከፈት ሱቅ የለም፣ እሳቸው አልቀሩም። ይቅርታ ወይዘሮ ሁዳክ፣ ማይልዎ ጎደሎ ነው፣ እላለሁ። ተከተለኝ፣ ቆሜ አላወራም፣ አሉኝ፣ አሁን ነው የነቃኸው? አያትህ ፍራንክ ግድግዳው በተሠራ ማግስት በእርምጃ ቆጥሮታል፣ ለጉድለቱ እስከ ብስኩት ቤቱ ደርሰን እንመለሳለን። ብስኩት ቤቱ ተዘግቷል እኮ፣ እላለሁ። ለወገባችን ጠቀመን፣ አሉ። ሦስት ቀን ሙሉ ለካሁ፣ አንድ ሰው ብጠይቅ ይበቃኝ ነበር።

ግድግዳው ጋ ሲደርሱ መዳፋቸውን ለጠፍ አድርገው ዞሩ፣ ከኋላቸው የሚዞሩት ሌሎች የጠዋት ተጓዦችም አንድ በአንድ፣ ቀለሙ ላይ በትከሻ ቁመት ቡናማ ወዝ ተጋድሟል፣ የስንት ዓመት እጅ። ለምን ይነኩታል? ካልነካህ ዙሩ አይቆጠርም ልጄ፣ ድሮም የመደብሩን በር ነበር የምንነካው።

የመክፈቻው ቀን ሰው መኪናውን ሣር ላይ አቁሞ ገባ ይሉ ነበር አያቴ፣ አባቴን ትከሻቸው ላይ አድርገው፣ እኔ ደርሼ የገና አባት ጭን ላይ ለመቀመጥ ፏፏቴውን ዞሬ ተሰልፌያለሁ፣ ሳንቲም ወርውሬ ምን እንደተመኘሁ ጠፋኝ፣ ከዚያ ሰው ሁሉ ቤቱ ሆኖ በስልክ መግዛት ጀመረ፣ ትልቁ መደብር ሄደ፣ ሙዚቃ ቤቱ፣ መነጽር ቤቱ፣ መብራቱ በግማሽ።

አራት ሰዓት ሆነ፣ ጫማ ሱቁ ውስጥ ነን፣ ጋሬት፣ ወረቀቱን፣ ትለኛለች አለቃዬ ዳያን፣ አንተ ትይዛለህ እኔ እናገራለሁ፣ ተባብለናል። ኮሚሽነሮቹ አምስት ናቸው። ዳያን፣ ቀዩ መስመር ልክ አይደለም፣ ማይሉን ይቆርጠዋል። አሁን አይደለም ጋሬት፣ ተቀመጥ። ቆሜያለሁ ግን፣ መቼ ቆምኩ። ክቡር ሊቀመንበር፣ ከመወሰናችሁ በፊት አንድ ዙር እንሂድ።

ጉልበቴን ገና ባለፈው ወር ነው ያስቀየርኩት፣ ትላለች ከኮሚሽነሮቹ አንዷ፣ ይስቃሉ፣ ይነሳሉ፣ እውነትም ይነሳሉ፣ ጎማዬን ዜሮ ላይ መለስኩት። ወይዘሮ ሁዳክ አልፈውን ሄዱ፣ ቀኝ ቀኙን ያዙ፣ መንገድ አትዝጉ፣ አሉን።

ቀጭ ቀጭ ይላል ጎማው፣ ሊቀመንበሩ አቶ ቢክስለር ስለ መኪና ማቆሚያ ያወራሉ፣ ስንት መኪና፣ በስንት ረድፍ፣ ግድግዳው ጋ ደረስን፣ ወሬያቸውን ሳያቋርጡ እጃቸውን አነሱ፣ ወዙ ላይ መዳፋቸውን ለጠፍ አድርገው ዞሩ።

ማንም አልነገራቸውም።

ሁለት እርምጃ ሄደው ቆሙ። መዳፋቸውን አዩት። ልጅ ሳለሁ ከእናቴ ጋር ለመዞር እመጣ ነበር፣ አሉ፣ ለማንም አይደለም። ዳያን እኔን ታያለች፣ ወረቀቱን አልጠየቀችኝም። ለመሆኑ፣ ይላሉ ሊቀመንበሩ፣ ከዚህ ጀርባ እስከ መደብሩ በር ስንት ጫማ ነው?

ሰማንያ ሦስት፣ እላለሁ፣ እርግጠኛ ነኝ።