ዝናቡ የቆመበት ድልድይ

አንባቢ ሆይ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ በሰው ፊት ቆመህ ያመሰገንከው ነገር የሲዲ ጭረት ሆኖ ቢገኝ ምን ትላለህ? ዝም ትላለህ? ወይስ “እኔም ጠርጥሬ ነበር” ብለህ ወሬ ትለውጣለህ? አብዛኛው ሰው ይኼንኑ ነው የሚያደርገው፤ አገሩም በእንዲህ ያለ ሰው ሞልቷል። እንዳለው የሚባል አንድ የቢቸና መምህር ግን ከሁለቱ አንዱንም አላደረገም።

ነገሩ በሁለት ሺህ ሦስት ዓመተ ምሕረት የሆነ ነው። ከቢቸና መናኸሪያ ጀርባ ጋሼ ጓዴ የሚባል የቀድሞ ሾፌር የከፈተው ጌም ቤት ነበር። ቤቱ ሦስት ቴሌቪዥን አለው። በሁለቱ ከጠዋት እስከ ማታ ኳስ ነው። ጥግ ላይ ያለው ሦስተኛው ግን ታሪክ ላላቸው ጌሞች የተተወ ነው። ጌሞቹ ያኔም አሮጌ ነበሩ፤ የአዲስ አበባ ልጅ ጠግቦ የጣላቸው፣ ከቅጂ ላይ የተቀዱ፣ ሽፋን እንኳ የሌላቸው ሲዲዎች። እውነተኛ ስማቸውን የሚያውቅ ስለሌለ ቤቱ ራሱ አወጣላቸው፦ “ሽማግሌው ንጉሥ”፣ “ቅጠል ለቃሚው”፣ “ባለ ፋኖሱ”።

ጌሞቹ የሚያወሩት በእንግሊዝኛ ነው። እንዳለው ደግሞ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ መምህር ነው። ከዚያ በፊት ዲማ ቅኔ ቤት ከርሟል። ስለዚህ ጆይስቲኩን እሱ ይይዛል፣ ከኋላው አግዳሚው ላይ የተደረደረው ሰው ያዳምጣል። አንድ ዐረፍተ ነገር ያነባል፤ ጌሙን ያቆማል፤ ይተረጉማል፤ ከዚያ ያብራራል። ዲማ ላይ የተማረው አንድ ነገር በአጥንቱ ገብቷል፦ በመጽሐፍ ውስጥ ከንቱ ፊደል የለም። የአግዳሚው ሰው “መሪጌታ” ይለዋል፤ ግማሹ በቀልድ፣ ግማሹ ከልቡ።

አስተያየቱን ደግሞ ለማንም ብሎ አያለዝብም። ከባሕር ዳር የሚመጣ ተማሪ ሁሉ “ሽማግሌው ንጉሥ”ን እያደነቀ ነው የሚመጣው። እንዳለው ተጫውቶ ጨረሰና ፊቱን ወደ አግዳሚው አዞረ።

“ይኼ ልቅሶ ቤት ነው” አለ። “ቁጭ ብለህ ሌላው ሲያወራ ትሰማለህ። ጆይስቲኩን የሰጡህ እጅህ እንዳይበርደው ነው።”

“ቅጠል ለቃሚው”ንማ ተናዶበት ነው የጨረሰው። “ሴት ልጁን ወንበዴ ወስዶበታል። እሱ ግን በየመንደሩ እየቆመ ለባልቴቱ ሁሉ መድኃኒት ይለቅማል! አንተ ሰማው፣ ያንተ ልጅ ብትሆንስ?”

“እኔ ልጅ የለኝም መሪጌታ” አለ ሰማው፣ የልብስ ሰፊው ልጅ።

“ቢኖርህ ቅጠል ትለቅም ነበር፤ ታስታውቃለህ!”

አንዱን ጌም ብቻ አክብሮ ይዟል፤ “ባለ ፋኖሱ”ን። መልኩ የሚያምር እንዳይመስላችሁ፤ የሰዎቹ ጣት ተጣብቆ ማንኪያ ይመስላል፣ ሲሮጡም መሬት አይነኩም። ታሪኩ ግን ይይዛል። አንድ ሰው በልጅነቱ የጠላት ጦር የማረከበትን ታናሽ ወንድሙን ፍለጋ ፋኖስ ይዞ አገር ለአገር ይዞራል። ኋላም በአንድ ጠባብ ድልድይ ላይ ያገኘዋል። ዝናብ ነው። ታናሹ ሰይፉን መዝዞ ከወዲያኛው ጫፍ ቆሟል። ፋኖሱ ይጠፋል። ታናሹ ሊናገር አፉን ይከፍታል፤ ይኼኔ ሁሉም ነገር ቀጥ ይላል። የዝናቡ ጠብታ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ድምፁም አንድ ወጥ እምምታ ይሆናል።

ሌሎቹ ሲዲዎች ሲበላሹ ምስሉ ይቆራረጣል፣ ወይ ቴሌቪዥኑ ይጨልማል። ይኼ ግን ጥርት ብሎ፣ ሁልጊዜም እዚያው ድልድይ ላይ ነበር የሚቆመው። እንዳለው መጀመሪያ ያየው ቀን ተነሥቶ ቆመ።

“ደራሲው ዝም አለ” ብሎ ተረጎመው። “ወንድም በወንድሙ ላይ ሰይፍ መዘዘ፤ ከዚህ ወዲያ ምን ይባላል? የቀረውን እናንተ ፍረዱ ነው ያለው። ዝናቡ ሳይቀር ፍርዱን ለመስማት ቆሟል። የታናሹን አፍ ተመልከቱ፤ የተከፈተው ለርግማን ነው። ጥላቻ ነው እዚያ ላይ የቆመው።”

ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ስለዚያ ድልድይ ተከራከረ። ማን ቀድሞ ይመታል? ታላቁ ፋኖሱን ይጥላል ወይስ ሰይፍ ያነሣል? ከደጀን ጭነት ይዞ የሚመጣው ወልደ ሰንበት የሚባል ሾፌር እንኳ መኪናውን አቁሞ ይገባና “ታናሹ ነው የሚመታው፤ እኔ ታናሽ ስለሆንኩ አውቃለሁ!” ብሎ ይወጣል። ጋሼ ጓዴም ደስ ብሎት ሻይ ይሸጣል።

አንድ ቀን ትህትና መጣች። የሞጣ ልጅ ናት፤ በዚያው በእንዳለው ትምህርት ቤት አዲስ የተመደበች የሳይንስ መምህርት። ሴት ወደዚያ ቤት ስትገባ አግዳሚው ዞሮ አያት፤ እሷ ግን ነጠላዋን ሰብስባ ቁጭ አለች። እንዳለው ድልድዩ ላይ ደረሰ፤ ዝናቡ ቆመ፤ ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ አሳረፈ።

“አለቀ” አለ።

“ምኑ?” አለች ትህትና።

“ጌሙ ነዋ።”

“ኧረ ተው ቲቸር! ሲዲው ተጭሮ ነው እንጂ። ገና ስንት አለ! ሠርጉ አለ አይደል?”

“የምን ሠርግ?” አለ ሰማው።

ጋሼ ጓዴ ሲዲውን አወጣና በጋቢው ጫፍ ጠረገው፤ በመስኮቱ ብርሃን ላይም ያዘው። ከጠርዙ ወደ መሐል የገባች ቀጭን ጭረት፣ ፀጉር የምታህል፣ ብልጭ አለች።

“ሁለት ዓመት ሙሉ ይችን ነው የተረጎምክልን?” አለ አንዱ ከኋላ። ቤቱ በሣቅ ፈረሰ። ኳስ የሚጫወቱት ሳይቀሩ ጨዋታቸውን አቁመው ሣቁ።

እንዳለው ፊቱ ጠቆረ። “ሞጣ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ጌም የሚያውቀው?”

“ቢቸና ጭረት ማመስገን ከጀመረች ወዲህ” አለች ትህትና።

ሣቁ እንደገና ተነሣ። ጋሼ ጓዴ አልሣቀም፤ ሐሳብ ይዞታል። “ስማ መሪጌታ” አለ፣ “ሰው እንዲህ ከሣቀብህ አግዳሚው ባዶ መሆኑ ነው። ባዶ ከሆነ ሦስተኛውም ቴሌቪዥን ኳስ ነው የሚሆነው፤ እኔ ቤት የከፈትኩት ለጽድቅ አይደለም። እስከ መጪው እሑድ ልታገሥህ።”

“ሞጣ ሄጄ አየዋለሁ!” አለ እንዳለው። “ያየሁትንም እዚሁ ቆሜ እናገራለሁ። ውሸታም ከሆንኩ የሦስተኛውን ቴሌቪዥን ገመድ በገዛ እጄ ነቅዬ እሰጥዎታለሁ።”

ቅዳሜ በጠዋቱ አውቶቡስ ከትህትና ጋር ሦስቱም ሞጣ ሄዱ። ጋሼ ጓዴ ምስክር ሆኖ ነው። እንዳለው እስከ ድልድዩ የተጫወተው የተቀመጠበትን ሚሞሪ በመሐረብ ጠቅልሎ በደረት ኪሱ ይዟል። የትህትና ወንድም ሣህለ ማርያም ከገበያው በላይ ጌም ቤት አለው፤ ሲዲውም አንዲት ጭረት የለችበትም። የሞጣ ወጣት “የቢቸናውን መሪጌታ” ሊያይ ቤቱን ሞልቶ ጠበቀው።

ድልድዩ ላይ ደረሰ። ፋኖሱ ጠፋ። ታናሹ አፉን ከፈተ።

ዝናቡ ወረደ።

እንዳለው ሁለት ዓመት በአየር ላይ ተንጠልጥላ ያያት ጠብታ ወደ ታች ወረደች። ታናሹ ተናገረ፤ አንዲት ነገር ብቻ። ቤቱ ትርጓሜ ይጠብቃል፤ እንዳለው ግን መተርጎሙን ረስቶ አፍጥጦ ቀረ።

“ተርጉምላቸው እንጂ!” አለች ትህትና።

“‘ዘገየህ’ አለው።”

“ሌላስ?”

“ሌላ የለም። ‘ዘገየህ’ ብቻ ነው ያለው።”

ርግማን አልነበረም። ልጁ ሰይፍ ይዞ ይጠብቀው ነበር፤ ዘመኑን ሁሉ ሲጠብቅ የኖረ ሰው ወቀሳ ነው የተናገረው። እንዳለው በዚያ አፍ ላይ ጥላቻ ሲያነብ ኖሯል። እንዲህ ያለ ቃል እንኳን እሱ፣ ዲማ ላይ ያስተማሩት መምህሩም አያስቡትም። ታላቁ ምን ብሎ ይመልስ ይሆን ብሎ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጋ።

ታላቁ አልመለሰም። አፉን ሳይከፍት ድልድዩ ተሰነጠቀና ከሥሩ ባለ ብዙ አንገት ዘንዶ ወጣ። ዘንዶው የጠላት ጦር አለቃ ኖሯል። ታናሹም በአስማት ታስሮ ነበር ተባለ፤ ዘንዶው ሲወድቅ ነቃ፣ ተቃቀፉ። ወዲያው ከየት እንደመጣች ያልታወቀች ሙሽራ መጣች፤ ታላቁ ተዳረ፤ ሰማዩ በርችት ተሞላ፤ የሠሪዎቹ ስም ይወርድ ጀመር። ሞጣ አጨበጨበች። ትህትናም በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

“ምን አልኩህ?” አለች።

“ምንድን ነው ይኼ?”

“ሠርግ ነዋ!”

“ዕርቅ ሳይወርድ ሠርግ አለ? ያንቺ አገር ልማድ እንዲህ ነው? የተበደለው ወቀሳውን ተናግሮ፣ በዳዩ ሳይመልስለት፣ ሽማግሌ ሳይቀመጥ፣ ድግስ!”

“ተቃቀፉ እኮ!”

“ሰካራምም ይተቃቀፋል።”

“አንተን የሰው ደስታ ያምሃል” አለች ትህትና፤ አሁን እሷም ተቆጥታለች። “ያን ያህል የተንከራተተ ሰው ቤቱ ቢገባ ምናለበት? ሰው ሁሉ እንዳንተ ድልድይ ላይ ቆሞ ይቅር?”

እንዳለው መልስ ፈልጎ አጣ። እንዲህ ያለ ነገር ብዙ ጊዜ አይገጥመውም። ትህትና እናቷ ዘንድ አድራ በነጋታው ልትመጣ እዚያው ቀረች።

አውቶቡሱ ደብረ ወርቅ ላይ ሲቆም ጋሼ ጓዴ ወደ እንዳለው ጆሮ ጠጋ አለ።

“መሪጌታ፣ ‘የሞጣውም እዚያው ነው የሚቆመው’ ብንልስ?”

“ምን አሉ?”

“ሰዉ ያችን ድልድይ ወዷታል። የሚከራከር ሰው ሻይ ይጠጣል። ቴሌቪዥኑም ባለበት ይቀመጥልሃል።”

“ልጅቷ ብትናገርስ?”

“የሞጣ ሰው ናት። ቢቸና ላይ ማን ያምናታል?”

“ጋሼ ጓዴ፣ በዕድሜ ስለሚበልጡኝ ነው ዝም የምለው!” አለ እንዳለው፤ ዝም ግን አላለም። “ሳላውቅ የተናገርኩት ስሕተት ነው። አውቄ ብደግመው ክህደት ነው። ከዚያ ወዲያ አንድ ጌም መጥፎ ነው ብል ማን ይሰማኛል? እኔስ ራሴን እሰማዋለሁ?”

“እንግዲያው ገመዱን ነገ ነቅለህ ታስረክበኛለህ” አለ ጋሼ ጓዴ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጌም ቤቱ ጢም አለ። ወልደ ሰንበትም መኪናውን ውጭ አቁሞ ገብቷል። ጋሼ ጓዴ ከሦስተኛው ቴሌቪዥን አጠገብ ቆሞ ገመዱን ይዟል። ትህትና ከሞጣ እንደመጣች፣ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አንግታ በሩ ላይ ቆመች። እንዳለው በአግዳሚውና በቴሌቪዥኑ መካከል ቆመ።

“ጭረት ነው” አለ። “ደራሲው ዝም አላለም። ዝምታውን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ከንቱ ፊደል የለም ብዬ ለጭረትም ትርጓሜ ሰጠሁ። ይኼ አንድ። ታናሹንም አምቼዋለሁ። አፉ የተከፈተው ለርግማን አልነበረም፤ ‘ዘገየህ’ ሊል ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ካልኳችሁ ሁሉ ያች አንዲት ቃል ትበልጣለች።”

ማንም አልሣቀም። ይኼ ደግሞ ከሣቁ የባሰ ነበር። ሰማው ቀስ ብሎ ተነሣ፤ ከጎኑ ያለውም ተነሣ፤ ወደ ኳሱ ሊሻገሩ ነው። ጋሼ ጓዴ ገመዱን ወደ እንዳለው ዘረጋለት።

“አልጨረስኩም!” አለ እንዳለው፤ ሰማው በቆመበት ቀረ። “ከዚያ በኋላ ያለው እርባና የለውም። ታላቁ አልመለሰም! ‘ዘገየህ’ ለተባለ ሰው መልሱ ዘንዶ ሆነ። ዘንዶው የመጣው መልሱ ስለጠፋቸው ነው። ሙሽራይቱንም ያመጡት ለዚያው ነው። ጌሙን የሠሩት ሰዎች ፈሪዎች ናቸው፣ ከእኔ ከቢቸናውም ይብሳሉ፤ እኔ የሳትኩት የማላውቀውን ነው፣ እነሱ የሸሹት ራሳቸው የጻፉትን ነው።”

“ታዲያ ምን ማለት ነበረበት?” አለ ወልደ ሰንበት፣ ራሱን ሊገታ አልቻለም። “እኔ ታናሽ ነኝ፤ ‘ይቅር በለኝ’ ብቻ ቢለኝ አልሰማውም!”

“መንገዱን ይንገረዋ! የት የት እንደዞረ!” አለ ሌላው።

ሰማው ተመልሶ ተቀመጠ። የጋሼ ጓዴ እጅ ከነገመዱ በአየር ላይ ቀረ።

እንዳለው ግን ወንዶቹን አልሰማም፤ ዓይኑ በሩ ላይ ነበር።

“ትህትና! ትናንት መልስ አሳጥተሽኛል፤ ሰው ሁሉ ድልድይ ላይ ይቅር ወይ ብለሽ። አይቅር። ይሻገር። ግን ወቀሳውን መልሶ ይሻገር እንጂ! ያ ልጅ ያን ሁሉ ዘመን ጠብቆ ‘ዘገየህ’ ሲል፣ ወንድሙ ምን ብሎ ቢመልስለት ነው ሠርጉ ሠርግ የሚሆነው? ሞጣ ላይ አጨብጭበሻል፣ አልቅሰሻል። እኔ ስሕተቴን በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ተናግሬያለሁ። አንቺም ቦርሳሽን አስቀምጪና ወደዚህ ነይ፤ እዚሁ ቆመሽ፣ ሁሉም እየሰማሽ፣ መልሺ!”