ፊርማዋ ያረፈበት ትምህርት ቤት

አርክቴክቷ የሰፈሯን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንድትነድፍ ስትታዘዝ ደስታዋ ልክ አልነበረውም። ያደገችበት ሰፈር ነዋ! ክፍሎቹን በሰፊ ግቢ ዙሪያ አደረገች፤ መስኮቶቹን ቁጭ ባለ ልጅ ዓይን ልክ አወረደች፤ ለአዳራሹ ደግሞ የሰፈሩ ሰው እንዲሰበሰብበትና እንዲደግስበት በመንገዱ በኩል በር አወጣችለት።

የትምህርት ቢሮው ኃላፊ ንድፉን ገለጥ ገለጥ አድርጎ፣ "ያምራል" አለና ወደ ጎን ገፋው። "የተፈቀደው ንድፍ አለ አይደል እንዴ? ረጅም ኮሪደር፣ ግራና ቀኝ ክፍል፣ መስኮቱ ከልጆቹ ራስ በላይ። ውጭ ውጭውን እያዩ መቼ ሊማሩ ነው? በሱ ፈርሚ። አልፈርምም ካልሽ፣ ትምህርት ቤት የሚፈልግ ሰፈር ሞልቷል።"

በቀጥታ የሰፈሩ ኮሚቴ ሰብሳቢ ወደሆኑት አጎቷ ሄደች።

"ጋሼ፣ እስር ቤት ሥሪ እያሉኝ ነው።"

አጎቷ በእጃቸው ወደ ዋናው መንገድ አመለከቱ። "ልጆቻችን ያንን አስፋልት እየተሻገሩ ነው የሚማሩት። የጎረቤታችን ልጅ አምና በመኪና ስትገጭ ቀብሯ ላይ አልነበርሽም? መስኮቱ ላይ ሆነ ታች፣ ለእኔ ምኔ ነው? ብቻ በቅርብ ይሁንልን።"

"እኔስ ጋሼ?"

"አንቺማ የኛው ልጅ አይደለሽ? ለኛ ብለሽ ቻይው።"

ወደ ፊት ብትል ገደል፣ ወደ ኋላ ብትል ገደል። ፈረመች።

በምረቃው ቀን ሰፈሩ በእልልታ ቀለጠ። "እጅሽ ይባረክ! የኛ ልጅ ናት የሠራችው!" እያሉ እየተቀባበሉ ሳሟት። እሷ እየሳቀች፣ በጠራራ ፀሐይ መብራት የበራበትን ኮሪደር ላለማየት ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች። ከዚያ ወዲህ በዚያ ባለፈች ቁጥር ምርቃቱ ይከተላታል። በሌላ መንገድ እንዳትዞር ቤቷ እዚያው ነው።

ብዙም ሳይቆይ ከማዶ ሰፈር ሽማግሌዎች መጡ፤ "እንደዚያኛው አድርገሽ ሥሪልን" አሏት። ለራሷ ንድፍ ሁለተኛ ዕድል የመጣ መሰላት። እየሮጠች የመጀመሪያውን ንድፏን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ግቢውን፣ መስኮቶቹን፣ አዳራሹን እያሳየች አስረዳቻቸው። ሽማግሌዎቹ ጎንበስ ብለው እስኪበቃቸው አዩት።

"ግሩም ነው" አሉ አንደኛው። "ግን ቢሮው ይፈቅደዋል?"

መዋሸት አልሆነላትም። "አይመስለኝም፣ አባባ።"

"እንግዲያው ልጄ፣ አታስለፊን። የተፈቀደውን ስጪን።"

ንድፏን ጠቅልላ ጥግ አቆመችው። ከዚያ ሽማግሌዎቹ እየመረቋት ብዕሯን አነሳች።