ባዶ ምት

ባሌ ዓይኑ እየደከመ መሆኑን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ሁለታችንም ሳንቲም ፋብሪካ ነው የምንሠራው። እሱ የሳንቲሙን ምስል በብረት ማኅተም ላይ ይቀርጻል፤ እኔ ከማሽኑ የሚወጣውን ሳንቲም በአጉሊ መነጽር እመረምራለሁ። ከታወቀበት በዚያው ቀን ያሰናብቱታል፤ ጡረታው ደግሞ ደጃፍ ላይ ደርሶ ነበር። ስለዚህ በምሳ ሰዓት ወደ ክፍሉ ብቅ እልና፣ ጎንበስ ብዬ አይቼ፣ እዚህ ጋ ሻክሯል፣ እዚያ ጋ ጠልቋል እለዋለሁ። የቀረውን በጥፍሩ እየዳሰሰ ይጨርሰዋል። ጥፍሬ ከዓይንሽ ይበልጣል እያለ ይቀልድብኝ ነበር፤ ጉረኛ ነው።

የሚታተመው ሳንቲም ፊቱ ላይ ነዶ የተሸከመች ሴት አለች። ወጣት ሳለን ነው የቀረጻት። አፍንጫዋ የኔ ነው። ሌላው የኔ ስላልሆነ ቅር ብሎኝ አያውቅም፤ ከኔ ታምራለች።

አንድ ጠዋት ማሽኑ ገና ያልታተመውን ልሙጥ ብረት ሳይጎርስ መታ። መሐል ላይ የሚመታ ነገር ሲጠፋ የላይኛውና የታችኛው ማኅተም እርስ በርስ ይጋጫሉ፤ አንዱ የሌላውን ምስል ይይዛል። ከዚያ በኋላ የሚወጣው ሳንቲም ሁሉ የጀርባውን ጥላ ፊቱ ላይ ይዞ ይወጣል። እኛ ባዶ ምት እንለዋለን። በመነጽሬ ሳይ የጀርባው ቁጥር በሴትየዋ ጉንጭ ላይ እንደ ክር ቀጥኖ ተጋድሟል።  እንዳላየሁ ሆኜ ላልፈው ብል አጠገቤ የተቀመጠችው መርማሪም አይታዋለች። ማሽኑን አስቆምኩ።

ደንባችን ጥላውን ፈግፍጎ የሚያጠፋው ማኅተሙን የቀረጸው ሰው ራሱ ነው ይላል። ሥራው እስኪያልቅም በሩ ይዘጋል፤ ማንም አይገባም። ፎርማኑ ጋሽ ፊሽካ ማኅተሙን በጨርቅ ጠቅልለው ወሰዱለት። ፊሽካ ያልናቸው ሲናደዱ ስለሚያፏጩ ነው፤ ያን ቀን ግን አላፏጩም። እኔ ከተዘጋው በር ውጭ ቆምኩ። ያ ጥላ ለጥፍር የሚገኝ አይደለም፤ ለዓይን እንኳ በመከራ ነው። አንኳኩቼ እንዳልነግረው ሰው አለ፤ ዝም እንዳልል ሥራው ሊበላሽበት ነው። ውስጥ ብረቱ ሲፈገፈግ ይሰማኛል። በቃ፣ ተው፣ ይበቃል እላለሁ በሆዴ። እሱ እንደሁ ላለመሳሳት ብሎ ደጋግሞ ይፈገፍጋል።

ማኅተሙ ተመልሶ ማሽኑ ሲነሳ የመጀመሪያው ሳንቲም እኔ እጅ ገባ። ጥላው የለም። የሴትየዋ ዓይንም የለም። ቅንድቡ፣ ሽፋሽፍቱ ሁሉ ተልጎ ቦታው ለስልሷል። ጋሽ ፊሽካ በትከሻዬ ላይ አጎንብሰው አዩት። ለረጅም ጊዜ ሲጠረጥሩ እንደኖሩ ያኔ ገባኝ። ባሌን አስጠሩትና ሳንቲሙን መዳፉ ላይ አኖሩለት።

"ሥራው ያንተ ነው፣ አንተው ፍረድ" አሉት።

ልናገር አፌን ስከፍት በእጃቸው ከለከሉኝ። እንዲነቃ ብዬ ሳልኩ። ባሌ ሳሌን አላወቀውም፤ ምናልባትም አውቆ እንደተመቸው ተረጎመው። ሳንቲሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሮ፣ ራቅ አድርጎ፣ ቀረብ አድርጎ፣ ሰው ፊት ጥፍሩን ሳያስነካው፣ ልክ እንደሚያይ ሰው ተመለከተው። ሠራተኛው ሁሉ እጁን ሰብስቦ ቆሟል።

"ጥላው ጠፍቷል" አለ። ከዚያ ፈገግ ብሎ ሳንቲሙን ወደኛ አዞረው። "ዓይኗን እዩልኝ እስቲ። ከሠራሁት ሁሉ እሱን ነው የምወደው።"

 ጋሽ ፊሽካ አንገታቸውን ደፉ። እሱ ዝምታው ረዘመበት መሰለኝ፣ ፊቱን እኔ አለሁበት ብሎ ወዳሰበው ወገን መለሰና ጠበቀ።

"አዎ" አልኩት፣ "በጣም ያምራል።"