ግራው ጥቁር፣ ቀኙ ቀይ

ያሕያ ዳማን ገዝቶ ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ይዟት የመጣ ቀን መንገዱ ሁሉ «ይሄ ልጅ ለየለት» አለ። ዳማ የስልሳ ዘጠኝ ሞዴል መኪና ናት፤ ሁለት በር፣ ስምንት ሲሊንደር፣ ቀለሟ እንደ ዳማ ፈረስ። ኮፈኗ ላይ ፍራሽ ዘርግተህ እንግዳ ከነሚስቱ ታሳድርበታለህ። ሞተሯ ሲነሳ ከኦሎምፒክ እስከ ፒኮ የቆሙ መኪኖች አላርማቸው ይለቀቃል። እሷ ግን ገና ማዛጋቷ ነው።

ይሄ ሁሉ ባልከፋ። የዳማ ጣጣ ከሆዷ በታች ነው። ብረትና ብረት እንዳይፋጩ መሀል ገብቶ ንዝረቱን የሚውጥላቸው ጎማ፣ የአገር ቤት መካኒክ ጎሚኒ የሚለው፣ ሃምሳ ምናምን ዓመት ሲረገጥ ኖሮ እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈርፍሯል። ዳማ ጉድጓድ ስትረግጥ የተሳፋሪው ጉበትና ጨጓራ ቦታ ይቀያየራሉ። አንዴ ያሕያ ጓደኛውን በርባንክ ሲያደርሰው፣ ሰውየው ሲወርድ ቁመቱ ሁለት ጣት አጥሮ ተገኘ። ሱሪውን ያሳጠረለት ልብስ ሰፊ በሕይወት አለ፤ የተጠራጠረ ሄዶ ይጠይቅ።

ያሕያ ራሱ በርባንክ ኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ ሹፌር ነው። ከዳማ ሌላ የሚወደው ነገር ቢኖር ሰልሰቢልን ነው። ሰልሰቢል ፋርማሲ ትሠራለች፤ አባቷ ጋሼ አብዱልሰመድ ይባላሉ። በደጉ ዘመን ከአሰብ ደሴ ባለ ተሳቢ የጭነት መኪና የነዱ፣ አሁን ኖርዝ ሆሊውድ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው የሚያልፈውን መኪና ሁሉ በድምፁ ብቻ የሚመረምሩ ሰው ናቸው። ያሕያ ሊያማክራቸው የሄደ ቀን ዳማን ከሁለት ብሎክ ላይ ሰምተው ጠበቁት።

«ሽማግሌ ልትልክ ነው አሉ» አሉት።

«አዎ ጋሼ፣ ከፈቀዱ።»

«ላክ። እሑድ አራት ሰዓት። ግን በኡበር እንዳይመጡ፣ በሰው መኪናም እንዳይመጡ። ያቺ ጉድህ ትጫናቸው። ሦስቱም ወገባቸውን ሳይዙ ከወረዱ አስገብቼ እሰማቸዋለሁ። አንዱ እንኳ እጁን ወገቡ ላይ ካደረገ፣ ነገሩ አበቃ፤ ሁለተኛ እንዳትልክ።»

«ምነው ጋሼ?»

«ሽማግሌ በደህና የማያደርስ ሰው ልጄን የት ሊያደርሳት ነው?»

ያሕያ ቤቱ እስኪደርስ አሰበበት። ያለው መፍትሔ ጎሚኒ መቀየር ብቻ ነበር።

ሽማግሌዎቹ የተመረጡት በዕድሜ እንጂ በጤና አልነበረም። አንደኛው ጋሼ ጀላሉዲን፣ ፌርፋክስ ላይ የቅመምና የቅቤ ሱቅ ያላቸው የወሎ ሰው ናቸው። ሁለተኛው ጋሼ ወንዳፍራሽ፣ ሃያ ስምንት ዓመት የሰው መኪና ፓርክ ሲያደርጉ ኖረው ራሳቸውን መሐንዲስ ያደረጉ። ሦስተኛው ጋሼ አሰፋ ናቸው። ጋሼ አሰፋ ዲስካቸው ከተንሸራተተ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ ጎንበስ እንዳሉ ስለሚሄዱ ሰው የሚለዩት በጫማው ነው።

ያሕያ ሁለት ካርቶን ይዞ ጋሼ ጀላሉዲን ሱቅ ገባ፤ ባንኮኒው ላይ ደረደረው። አንደኛው ውስጥ ስምንት ጥቁር የጎማ ጎሚኒ፣ ሌላኛው ውስጥ ስምንት ቀይ፣ ፖሊዩሬቴን ከሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራ።

«ሶ፣ ጥቁሩ ለስላሳ ነው፣ ይመቻል፤ ግን ኩርባ ላይ ይወላውላል» ብሎ አስረዳ። «ቀዩ ደግሞ መሪውን ቀጥ ያደርጋል፣ ዕድሜም አለው፤ ግን ይደርቃል። እናንተ ናችሁ የምትቀመጡበት፣ ምረጡልኝ።»

እዚህ ላይ ነው የተሳሳተው። ለሦስት ሽማግሌ ምረጡ አይባልም። ሽማግሌ አይመርጥም፤ ያስታርቃል።

ጋሼ ጀላሉዲን በሩ ላይ «ዝግ ነው» የሚለውን ሰሌዳ ገለበጡ። ወንበር ተደረደረ። ጥቁሩ ከሳሽ ሆኖ በስተቀኝ፣ ቀዩ ተከሳሽ ሆኖ በስተግራ ተቀመጡ። ማን ከሳሽ ይሁን በሚለው ብቻ ግማሽ ሰዓት አለፈ።

«ጥቁሩ ይቅደም፤ አንጋፋ ነው» አሉ ጋሼ ጀላሉዲን። «ጎማ አባት ነው፣ ልጅን ችሎ ያሳድራል።»

«አባት ሆኖ ነዋ የሚያወላውለው!» አሉ ጋሼ ወንዳፍራሽ። «እኔ ስንት መኪና ፓርክ አድርጌያለሁ። ቀዩ ወንድ ነው፣ አንድ ቃል ነው።»

«ወንድ ነው ብለህ ልትቀመጥበት?» አሉ ጋሼ ጀላሉዲን።

«አሰፋ ይፈትነው! ወገቡ እሱ ጋ ነው ያለው።»

ጋሼ አሰፋ ጥቁሩን አንስተው ነከሱት። ቀዩን ነከሱት። አላመጡ፤ አሰቡ። «ሁለቱም በርበሬ ይጎድላቸዋል» አሉ። ወዲያው ሳንቡሳ መጣ። ከቀዩ ካርቶን ሥር ትንሽ የላስቲክ ከረጢት ስትወድቅ ጋሼ አሰፋ ዳጣ መስላቸው ቀደዱና ሳንቡሳቸው ላይ አንጠፍጥፈው በሉ። «ጨው የለውም፤ ግን ሲወርድ ሐር ነው» ብለው መሰከሩ።

ሳንቡሳው ሲያልቅ ፍርዱም አለቀ። ጋሼ ጀላሉዲን ተነስተው ቆሙ።

«አንዱን አሸንፎ አንዱን አሳፍሮ መሸኘት የአባቶቻችን ደንብ አይደለም። ስለዚህ በግራ በኩል አራቱ ጥቁር፣ በቀኝ በኩል አራቱ ቀይ ይግባ። ይታረቁ። አላህ ያስማማቸው።»

«አሚን!» አሉ ሌሎቹ።

«ጋሼ፣ መኪና እኮ እንደሱ አይሆንም...» ብሎ ጀመረ ያሕያ።

«አንተ ልጅ» አሉት ጋሼ ወንዳፍራሽ፣ «የገዛ ሽማግሌህን እንቢ ብለህ የሰው አባት እሺ እንዲልህ ትፈልጋለህ?»

ያሕያ ሦስት ቀን ከሱቁ ጀርባ ዳማ ሥር ተኝቶ ፍርዱን አስፈጸመ። ብራቾ የሚባለው፣ እግሯን የሚይዘው የብረት ክንድ፣ ግራው ጥቁር፣ ቀኙ ቀይ ገባበት። እሑድ ጠዋት ሽማግሌዎቹ ነጭ በነጭ ለብሰው መጡ። ሞክሮ ሊያሳያቸው ዳማን አንድ ዙር ነዳት። በግራ በኩል እንደ ሐር ዝም አለች። በቀኝ በኩል ግን ሊታረድ እንደተጎተተ ፍየል ጮኸች። ጎረቤት ሻይ ቤት የተቀመጠ አንድ ደንበኛ ብርጭቆውን አስቀምጦ «ማነው ያለ ቢስሚላህ የሚያርደው?» አለ።

ያሕያ ለሰልሰቢል ደወለ።

«ቀዩ በደረቁ አይገባም» አለችው። «ኢንተርኔት ላይ አይቻለሁ። ግራሶ አብሮት ይመጣል፣ በትንሽ ከረጢት። የታለ?»

ያሕያ ዞር ብሎ ጋሼ አሰፋን አየ። ጋሼ አሰፋ የያሕያን ጫማ አዩ።

«እሷ ኖሯል እንዴ!» አሉ። «እኔ እኮ ከማክሰኞ ጀምሮ ጉልበቴ ሲላላልኝ የሳንቡሳው በረካ ነው እያልኩ...»

ሰዓቱ ሦስት አልፏል። ዕቃ መሸጫ ደርሶ መመለሻ የለም። ጋሼ ጀላሉዲን ግን የቅቤ ነጋዴ ናቸው፤ የቅቤ ነጋዴ ደግሞ በዓለም ላይ ቅቤ የማይፈታው ችግር አለ ብሎ አያምንም። ከመደርደሪያው ኮረሪማና ኮሰረት የጠገበ ንጥር ቅቤ አወረዱ። ያሕያ ክሪክ አስገብቶ ዳማን አነሳት፤ ቀዮቹን አላልቶ አንድ በአንድ በጣቱ ቀባ። ዳማ ዝም አለች። ሽማግሌዎቹ ተሳፈሩ።

ሌላ ጣጣ የመጣው መንገድ ላይ ነው። ግራዋ ለስላሳ፣ ቀኟ ጠንካራ የሆነ መኪና ልቧ ሁልጊዜ ወደ ግራ ነው። ዳማ ወደ ቀኝ ታጠፊ ስትባል አንገቷን ደንዳና አደረገች። ያሕያ ወደ ቀኝ መታጠፍ ባስፈለገው ቁጥር ሦስት ጊዜ ወደ ግራ እየዞረ ሄደ። አንድ ቤንዚን ማደያ አምስት ጊዜ አለፉት፤ በአምስተኛው ሠራተኛው እጁን አውለበለበላቸው፤ ጋሼ ወንዳፍራሽም ስለ ቤተሰቡ ጠየቁት።

በዚህ መሀል ብረቱ ጋለ። ብረቱ ሲግል ቅቤው ቀለጠ። ሽታው ቀይ መብራት ላይ ወጣ፤ የጎን መኪኖች መስኮታቸውን አወረዱ። ኖርዝ ሆሊውድ ሲደርሱ አንድ ውሻ ተከተላቸው። ቀጥሎ አራት ሆኑ። የጋሼ አብዱልሰመድ በር ጋ ያሕያ ፓርክ ሲያደርግ አሥራ አንድ ነበሩ፤ ከነሱ አንዱ ከነሶፋ መቀመጫው ነው የመጣው፣ ማሰሪያው አልፈታ ብሎት።

ጋሼ አብዱልሰመድ በረንዳ ላይ ቆመው ዓይናቸውን በሽማግሌዎቹ ወገብ ላይ ተክለዋል። ሁለት በር ብቻ ካላት መኪና ሦስት ሽማግሌ መውረድ ራሱ ሥራ ነው። የመጀመሪያው እግር መሬት ሲነካ ውሾቹ ቅቤውን ሊልሱ ከዳማ ሆድ ሥር ተሽቀዳደሙ።

«ያ አላህ!»

«በማርያም!»

ሦስቱም ዘለሉ። ጋሼ አሰፋ ዘጠኝ ዓመት የታጠፈ ወገባቸውን እንደ ጦር አቁመው የግቢው አጥር ላይ ወጡ። አንድም እጅ ወገብ ላይ አልነበረም፤ ስድስቱም ሰማይ ላይ ነበሩ።

«አብዱልሰመድ!» አሉ ጋሼ አሰፋ ከላይ ሆነው፤ «አንተ ለካ ፊት አለህ! ሁልጊዜ ቡኒ ጫማ ብቻ ነበርክ እኮ!»

ጋሼ አብዱልሰመድ ግን አልሰሙም። አፍንጫቸው ጎትቷቸዋል። በከዘራቸው ውሾቹን በትነው፣ ኮታቸውን አውልቀው፣ ዳማ ሥር በጀርባቸው ገቡ። ውጭ የቀሩት ሁለት እግሮች ብቻ ናቸው። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ነገር የሚጀመረው ፊት ለፊት ነው፤ ፊት ግን የለም። አስፋልቱ ላይ በእግሮቹ ዙሪያ ቁጢጥ አሉና ጋሼ ጀላሉዲን ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲህ፣ የመጣነው ልጅዎን ለልጃችን...»

«ይሄ ግራሶ ምንድነው?» አለ ከሥር የመጣ ድምፅ።

«የጀርመን ነው» አሉ ጋሼ ወንዳፍራሽ ፈጥነው።

«ጀርመን ኮሰረት ያበቅላል?»

«አዲስ ነው። በቅርብ ነው የጀመሩት።»

የአሰብ መንገድ ሹፌር በግራሶ አይታለልም፤ ዛሬ የዋሹት ሰው ነገ ልጁን አይሰጥም። ያሕያ ጎንበስ ብሎ ለእግሮቹ ተናገረ።

«ቅቤ ነው ጋሼ። ግራሶውን ጋሼ አሰፋ በሉት።»

ዳማ ተንቀጠቀጠች፤ ሞተሯ ግን ጠፍቶ ነበር። የሚንቀጠቀጠው ከሥሯ ያለው ሳቅ ነው። «እኔ» አለ ድምፁ፣ «ከአሰብ ስመጣ የካምቢዮ ዘይት ቢያልቅብኝ፣ የአንድ ነጋዴ አሥራ ስድስት እጅ ሙዝ አስገብቼ ኮምቦልቻ ገብቻለሁ።» ሳቁ ግን በድንገት ቆመ። «ቆይ። ግራው ጥቁር፣ ቀኙ ቀይ... ይሄን ማን ፈረደው?»

«እኛ» አሉ ጋሼ ጀላሉዲን በኩራት። «በሽምግልና ነው።»

ጋሼ አብዱልሰመድ ወጡ። ግንባራቸው በቅቤ ያበራል፤ ፊታቸው ግን አይበራም።

«መኪናን ለሁለት የገመሰ ሽማግሌ ስለ ልጄ ሊነግረኝ ነው? ግማሿ ለኔ ግማሿ ለሱ ልትሉኝ?»

ጋሼ ወንዳፍራሽ እውነትም አማራጩን ሊያስቡበት አገጫቸውን ያዙ። ያኔ በሩ ተከፈተና ሰልሰቢል ወጣች።

«አባዬ፣ ግማሽ አልሄድም» አለች። «ወገባቸውን አልያዙም አይደል?»

«አልያዙም።»

«እሱስ ዋሸህ?»

«እሱ አልዋሸኝም» አሉ፣ ጋሼ ወንዳፍራሽን በጎን እያዩ። «ግን ለሽማግሌ ሁሉ እሺ ማለቱ ጎሚኒውን እንዲህ ካደረገው ቤቱን ምን ሊያደርገው ነው? ሰው መምረጥ አለበት።»

«ኦኬ። መህር፣ ሙሽራው የሚሰጠኝ ጥሎሽ፣ የኔ ነው፣ ሸሪዓው ለኔ ነው የሰጠው፤ ስለዚህ እኔ እመርጣለሁ። መህሬ ስምንት ጎሚኒ ነው። ሁሉም ቀይ። ከነግራሶው።»

«ጥቁር አይሻልሽም?» አሉ አባቷ። «ይመቻል።»

«ተሳፋሪ ነኝ ያለህ ማን ነው? የምነዳው እኔ ነኝ።»

«እንዲያው አራት ጥቁር ቢጨመርበት...» ብለው ጋሼ ጀላሉዲን ሊያስታርቁ ሲነሱ፣ አባትና ልጅ በአንድ ድምፅ «አይሆንም!» አሉ። ያሕያ በዕድሜው እንደዚያ ጣፋጭ «አይሆንም» ሰምቶ አያውቅም። ጋሼ አብዱልሰመድ በቅቤያም እጃቸው የያሕያን እጅ ጨበጡ፤ እጁ ሁለት ጊዜ ቢያመልጣቸውም በሦስተኛው ያዙት።

ጋብቻው በሚታሰርበት በኒካሁ ዕለት ሸኹ ብዕራቸውን አንስተው ረጅም ሰዓት አላወረዱትም።

«መህር ርክክብ አለው» አሉ። «ወርቅ ቢሆን እጇ ላይ አየዋለሁ። ብረት ውስጥ የተቀበረ ነገር እንደተረከበች በምን አውቃለሁ?»

ሰልሰቢል ቁልፉን ከያሕያ እጅ ላይ አነሳችና ቬሏን ወደ ኋላ ጣለች። «ይግቡ» አለቻቸው። ሸኹ ጥምጣማቸውን ይዘው ገቡ። ዳማ አጓራች፤ የመጀመሪያው ጥግ ላይ ደርሳ ወደ ቀኝ፣ አንድ ጊዜ፣ እንደ ምላጭ ታጥፋ ተሰወረች። ያሕያ ከሽማግሌዎቹ ጋር መንገድ ዳር ቆሞ ቀረ።

ከሩብ ሰዓት በኋላ ተመለሱ። ሸኹ አልወረዱም። በመስኮት ወረቀቱን ተቀብለው ጉልበታቸው ላይ «ተረክባለች» ብለው ጻፉና ወረቀቱንና ብዕሩን ለያሕያ አቀበሉት።

«እንግዲህ አንተ ፈርም፤ እኔና ሙሽራዋ ፍሪዌይ ላይ አንድ ጉዳይ አለን።»